የተጠረገው ረቡዕ

«ግባ፣ ግባ ክላይቭ። ጃኬትህ ያንጠባጥባል፤ እዚያ ወንበር ላይ ጣለው። ይሄ ዝናብ ደግሞ ምን ነካው? በጋ ገባ ብለን ክፍት ጫማ ካወጣን ገና ሁለት ቀናችን እኮ ነው። … መኪና ማቆሚያውስ? ዛሬም ስትዞር አረፈድክ? እኔ አራት ጊዜ ነው የዞርኩት። አንዷ ልትወጣ ነው ብዬ ፍሬቻ አብርቼ ቆሜ ስጠብቃት፣ ለካ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ መጽሐፍ እያነበበች ነው! በዚያ በማለዳ! በል ሳጥንህን እዚህ አስቀምጥ። ደሙ ገና እየተሽከረከረ ነው፤ ማሽኑን አሁን ነው ያስነሳሁት። አሥራ አምስት ደቂቃ አለህ። ሻይ ልቅዳልህ። ብስኩትም አለ… ቸኮሌት ያለበትን ግን ሰው ጨርሶታል። ማን እንደሆነ አልናገርም። እኔ የሰው ስም አላነሳም፣ ታውቀኛለህ።»

ክላይቭ ያውቃታል። የሆስፒታሉን ደም ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ማመላለስ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጌይነር «የሰው ስም አላነሳም» ያለች ዕለት ስሙ ያልተነሳው ሰው እንቅልፍ እንደማይወስደው በደንብ ያውቃል። ስለዚህ ቆቡን አውልቆ ተቀመጠና ከማንቆርቆሪያው ሁለት እርምጃ ርቆ ያለውን፣ ገርበብ ያለውን በር በዓይኑ ጫፍ አየው። ከበሩ ጀርባ አንድ እስክሪብቶ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የክፍሉ ኃላፊ ቢሮዋ ውስጥ ናት ማለት ነው።

የእሷን ስም እኛም አናነሳም።

ክፍሉ የምርምር ድጋፍ ይባላል። አዲስ መድኃኒት እንዲሞከርባቸው የፈቀዱ ሕመምተኞች ቀጠሮ የሚያዝላቸው፣ ደማቸው የሚቀዳው፣ ወረቀታቸው የሚሞላው እዚህ ነው። ጌይነር ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ የሎርና ነው። ሎርና አሥራ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድታ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ «እየሠራሁ ልማር» ብላ የመጣች ሴት ናት። ሌላውን ቀን ትሠራለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ትማራለች፤ እንዲህ እያለች በአራት ዓመት ተኩል ዲግሪዋን ትይዛለች። ውሉ ይህ ነበር። ሦስተኛውን ዓመት ልትጨርስ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ግን፣ ጌይነር በዓይኗ እያየች፣ ሎርና አንድ ቅጽ ይዛ ገርበብ ወዳለው በር ገባችና ባዶ እጇን ወጣች። ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ ነው። ኃላፊዋ ከፈረመችበት እኩለ ቀን ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይላካል፤ ሦስቱም ዓመት አብሮት ይሄዳል። እኩለ ቀን ሊሆን አንድ ሰዓት ቀርቷል። ሎርና ደም ለመቅዳት ታች ወርዳለች፤ ከእሷ በቀር ማንም እንዲነካው የማይፈልግ አንድ ሽማግሌ አለ።

ጌይነር ሻዩን ቀዳች። የወተቱን ጠርሙስ ከድና፣ ፊቷን ወደ ክላይቭ፣ ድምፅዋን ግን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች።

«ባሮ ሽንኩርትህ እንዴት ሆነልህ? ለመስከረሙ ውድድር ይደርሳል? የዛሬ ሁለት ዓመት ያመጣኸውን እኮ እስካሁን አልረሳሁትም፤ የሕፃን ጭን ያህል ነበር! ዳኛው ሜትሩን ሁለት ጊዜ ነው ያዞረበት። … ያን ጊዜ ጉልበትህን ተቀድደህ ተኝተህ አልነበር? ማን ነበር ውኃ የሚያጠጣልህ? ጎረቤትህ፤ አዎ፣ ያ ረጅሙ። በጋውን ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ባልዲ ተሸክሞ። አንተ ታዲያ ምን አደረግክ? ዋንጫውን ስትቀበል ካርዱ ላይ ከስምህ ሥር የሱን ስም ጻፍክ። ለምን ጻፍክ ክላይቭ? ማን ያውቅብህ ነበር? ሽንኩርቱ ሊናገር ነው? … አይ አንተ። ይሄን ያህል ዘመን ሠርተህ ዛሬም ሳጥን ተሸካሚ የሆንከው ለዚህ ነው። ያንተ ጭንቅላት ችግር አለበት፤ አይረሳም።»

እስክሪብቶው ጠቅ አለ።

«ስለ መርሳት ካነሳን አይቀር… አንዲት የማውቃት ሴት ትዝ አለችኝ። እዚህ አይደለም፣ ሌላ ሆስፒታል ነው። ሩቅ ነው። አታውቃትም። እንዴት ያለች ጎበዝ መሰለችህ! ከታች ነው የተነሳችው፤ የቀጠሮ ስልክ ስታነሳ ነበር። ከዚያ ልክ እንደኛዋ ሎርና ‹እየሠራሁ ልማር› አለች። ልጇ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባል የለ፣ እናት የለ፤ መኪናዋ በግፊት የሚነሳ። አራት ዓመት ተኩል እኮ ነው! በአራት ዓመት ተኩል ሰው ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለት ጊዜ ይፈታል። እሷ ግን ጨረሰች። መቼም ቀላል አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ ‹በቃኝ፣ ተውኩት› ብላ ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳለች አሉ። ሦስቱንም ጊዜ በር አንኳኩቶ፣ ፊቷን አስጠርጎ ያወጣት ሰው ነበር ይባላል። ማን እንደሆነ እንጃ። ቸኮሌት ያለበት ብስኩት ይዞ ነበር የሚያንኳኳው አሉ። … ሰው አንዳንድ ነገር ያስታውሳል፣ አንዳንዱን ይረሳል። ብስኩቱን አልረሳችም፤ ዛሬም ትወደዋለች።»

ክላይቭ እጁን ወደ ብስኩቱ ቆርቆሮ ሰደደና መለሰው። ያለው ደረቁ ብቻ ነው።

«እና ረቡዕ ረቡዕ ትማራለች። ሥራውን ማን ይሥራ? ሕመምተኛው ረቡዕም ይመጣል፤ ደሙ ረቡዕም ይቀዳል፤ መድኃኒቱ ‹ዛሬ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት› ብሎ አይቆምላትም። እዚያ ቤት አንዲት ሞኝ ነበረች። የሞኟ የዕረፍት ቀን ደግሞ ረቡዕ ነው። ከባሏ ጋር ዳንስ ይሄዱ ነበር፤ ያ ሻይና ኬክ ያለበት፣ እኛን የመሰለ ሰው የሚሄድበት፣ እዚያ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ሞኟ ‹ግዴለሽም የኔ ልጅ፣ እኔ እገባልሻለሁ› አለች። ለአንድ ወር መስሏት ነበር። አራት ዓመት ተኩል! ባሏስ ምን ያድርግ? ሙዚቃው ይጠራዋል። ከሌላ ሴት ጋር ደነሰ፤ ከዚያች ከመድኃኒት ቤቷ ጋር፣ ዳሌዋ… ተወው። ዋንጫ አገኙ። እውነቴን ነው! የወረዳው ዋንጫ። ዋንጫው ሞኟ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቁጭ ብሏል፤ አቧራውን የሚጠርገው ማን መሰለህ? ሞኟ ናት። ባሏ አሁን ወገቡን ይዞት ዳንስ ትቷል፤ ስለዚህ ረቡዕ ሲመጣ የምትሠራው ሌላ የላትም። ተቀምጣ ዋንጫ ትወለውላለች።»

ክላይቭ ሻዩ ትን አለው። ዋንጫውን ያውቀዋላ። አምና ለገና ጌይነር ቤት ሲጋበዝ ኦቾሎኒ የቀረበለት በሱ ነበር።

«ቀስ በል፣ ትኩስ ነው። … የት ደረስኩ? አዎ፣ ጎበዝ ናት አልኩህ። ዝም ብዬ አይደለም ያልኩህ፣ የፈጠራ ሰው ናት! የደሙ ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች ሰማንያ እንደሆነ ታውቃለህ አይደል? በየጠዋቱ ቁጥሩን እያየን ወረቀቱ ላይ እንሞላለን። ለእሷም ገና በመጀመሪያው ዓመቷ ተራው ደረሳት። ጻፈች። ሰማንያ። በማግስቱም ሰማንያ። ሰባት ቀን ሙሉ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ ሰማንያ። ከፊቱ ያቺ የመቀነስ ጭረት የለችም! ገባህ? የሰባት ቀን ደም በወረቀት ላይ ቀቀለችው። ይሄ የያዝከው ሻይ እንኳ ሰማንያ አይሞላም፤ እሱም እንዲህ አስሎሃል። ተወው፣ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ስህተት ሲገኝ ምን ይደረጋል? አንተ ሳጥን የምትሸከመው እንኳ ታውቀዋለህ፤ አንድ መስመር ታሰምርበታለህ፣ ትክክለኛውን ጎኑ ትጽፋለህ፣ ስምህን ባጭሩ፣ ቀኑን። አለቀ። የድሮው ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት። መደበቅ የሚባል ነገር እዚህ ሥራ ላይ የለም። እሷ ግን ንጽሕና ትወዳለች። ነጩን ማጥፊያ ቀለም አመጣችና ሰባቱንም ቀን እንደ ሙሽራ ቤት ግድግዳ ቀባቻቸው! ጭረት ብትጨምርበት ይሻል ነበር።

«ከዚያማ ተቆጣጣሪው መጣ። ቀጭን ሰው ነው፣ መነጽር አለው። ወረቀቱን ያዘና ወደ መስኮቱ ሄደ… ከፍ አደረገው… በብርሃን አየው።»

ጌይነር ሻይዋን ፉት አለች። ማሽኑ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። እስክሪብቶው አይሰማም።

«እና አየህ ክላይቭ፣ ከነጩ ቀለም ሥር ያለው ነገር ወደ ብርሃን ሲያወጡት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሱቅ ውስጥ ሲሸጡልህ ይሄን አይነግሩህም። … ያን ዕለት ዲግሪዋ ሊያከትምለት ነበር። ሞኟ ብድግ አለችና የማብራሪያ ወረቀት ጻፈች፤ ‹ተለማማጇ በእኔ ሥር ናት፤ በደንብ ያላሳየኋት እኔ ነኝ› ብላ ፈረመች። ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ገባ። የምርምር ፋይል ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ይቀመጣል፤ ሕጉ ነው። ጎበዟ ስትመረቅ ታዲያ ንግግር አድርጋለች! ሁላችንንም አስለቀሰችን… ማለቴ፣ አስለቀሰቻቸው አሉ፣ እኔ አልነበርኩም። ልጇን አመሰገነች። መምህሮቿን አመሰገነች። ድመቷን አመሰገነች። ድመቷ በጣም ረድታታለች፤ ሌሊት ሌሊት መጽሐፉ ላይ ትተኛላት ነበር። ከዚያ ጊዜው አለቀ መሰለኝ፣ ተጨበጨበ።

«ከአሳንሰሩ ጎን ያለውን ትልቅ ፎቶ አይተኸዋል? እዚያ በዚያ… በሩቁ ሆስፒታልም እንደዚያ ያለ አለ። ፈገግ ብላ፣ እጇን አጣጥፋ፤ ከሥሩ ‹እየሠሩ መማር ሕይወቴን ቀየረው› ይላል። እውነቷን ነው። የእሷንም የሌላ ሰውንም ቀይሯል፤ አንዱ ሰው እንዲያውም ዋንጫ አግኝቶበታል።»

ከበሩ ጀርባ ወንበር ተንቋቋ። ጌይነር ሰማች፤ ግን ብስኩት ሻይዋ ውስጥ እየነከረች ቀጠለች።

«አሁን ይቺ ሴት ትልቅ ሰው ሆናለች። አንቱ እንበላት እንጂ፣ አያምርብንም። … እሳቸው ታዲያ በሥራቸው አንዲት ተለማማጅ አለቻቸው። እንዴት እንደሚወዷት! ከመውደዳቸው ብዛት በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከዓይናቸው ብትርቅ አልሆነላቸውም። ‹ለዚህ ረቡዕ ብቻ ግቢልኝ› አሏት። በሚቀጥለውም ‹ለዚህ ብቻ›። አሥራ አንድ ረቡዕ፣ አሥራ አንድ ‹ለዚህ ብቻ›! ባሌ ባጨኝ ዘመን እንኳ እንዲህ አልለመነኝም። … ሰሌዳው ላይ ተለማማጇ ‹ትምህርት› ብላ ትጽፋለች። እሳቸው መስመር ያሰምሩበታል? አይ፣ ንጽሕና ይወዳሉ ብዬህ የለ? በእጅጌያቸው ይጠርጉታል። ያ የሸሚዛቸው እጅጌ ጫፉ ሰማያዊ የሆነው ለዚህ ነው፤ አንተ ፋሽን መስሎህ ነበር አይደል?»

ክላይቭ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። የሳምንቱ የሥራ ምድብ የሚጻፍበት ነጭ ሰሌዳ እዚያ ተሰቅሏል። ከሎርና ስም ትይዩ፣ ረቡዕ በሚለው ሥር፣ ሰማያዊ ጭጋግ የመሰለ ነገር ተለቅልቋል። አጥብቆ ላየው ሰው ከጭጋጉ ሥር አንድ ቃል አለ።

«ክፉ ናቸው እያልኩህ አይደለም! ማን እንዲህ አለ? ሁለት ሠራተኛ ለቆባቸዋል። ከላይ ያሉት ይጮኹባቸዋል፤ ረቡዕ ክሊኒኩ ይሞላል፤ እሳቸውም ምሳቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚበሉት። አውቃለሁ። አሳዝነውኛል እንዲያውም። … ያኔም ሁለት ሠራተኛ ለቆ ነበር። ያኔም ረቡዕ ይሞላ ነበር። ያን ጊዜ የተጻፈውን የፈረቃ ወረቀት ባለፈው ሳምንት አገኘሁት ብልህ ታምነኛለህ? የድሮ ሳጥኖች ወደ ማከማቻ ሊወሰዱ ሲወርዱ አንዱ ተከፈተ። በራሱ ነው፤ ክዳኑ ላላ ያለ ነበር። ከዚያ ከሩቁ ሆስፒታል እዚህ እንዴት እንደመጣ እግዜር ይወቅ! በየረቡዑ የሞኟ ‹ዕረፍት› አንድ መስመር ተሰምሮበታል፤ ጎኑ ‹ሥራ› ተብሏል፤ ፊርማ፣ ቀን። ዕረፍቱ ከመስመሩ ሥር ዛሬም ይነበባል። ቆጠርኩት አልልህም። መቶ ሰባ ሁለት ነው።

«እና ሞኟ አልሞተችም እኮ። አለች። ያው ረቡዕ፣ ያው ዋንጫ። ‹ነገ ትገቢልኛለሽ?› ብሎ የጠየቃት ሰው ግን የለም። ለምን ትጠየቃለች? የሚጠይቅ ሰው ማስታወስ አለበታ።

«ተለማማጇ ታዲያ ምን አላት? ሥራዋ ሥራ ነው፣ ትምህርቷም ትምህርት ነው፤ አንዱን በቀን አንዱን በስርቆት ትሠራዋለች። ስታቲስቲክሱን መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነው የምታጠናው፤ ሳንድዊቿን መሪው ላይ አስቀምጣ፣ መስታወቱ በትንፋሿ ጉም ለብሶ። አውቶቡስ ስትነዳ የለመደችው ነው፤ ቁጭ ባለችበት ሁሉንም ነገር ትሠራለች። ዛሬ ጠዋት ቦታ ትለቅልኛለች ብዬ ፍሬቻ አብርቼ የጠበቅኳት ሴት ማን መሰለችህ? … ተወው። ስም አላነሳም ብዬሃለሁ። አሥራ አንድ ረቡዕ በመኪና ውስጥ አይሞላም ክላይቭ። ዩኒቨርሲቲውም ሰዓቱን ይቆጥራል። ስለዚህ ዛሬ ቅጽ ሞልታ ሰጠች። አላለቀሰችም። እኔ… ያየ ሰው ነው የነገረኝ፤ እንኳን ልታለቅስ፣ ፊቷ ምንም አይልም ነበር አሉ። ሽንት ቤትም አልገባችም፤ በምን በር ይንኳኳላት? አሁን እሳቸው ይፈርሙላታል። ፊርማቸው ያምራል።»

በሩ ተከፈተ።

ኃላፊዋ ወጣች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባዋለች። ጌይነርንም ክላይቭንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ማርከሩን ነቅላ ከሎርና ስም ትይዩ፣ ከጭጋጉ ላይ፣ ጻፈች። እጇ ትንሽ ቸኮለ። ማርከሩን ክዳኑ ሳይገጥም አስቀመጠችና ተመለሰች። በሩን ልትዘጋው ገፋችው፤ አልተዘጋም። በክፍተቱ ጠረጴዛዋ ይታያል፤ ቅጹ እዚያው ነው፣ እስክሪብቶው ከላዩ።

ሰሌዳው ላይ «ትምህርት፦ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ» ይላል።

ጌይነር ተነስታ የማርከሩን ክዳን ገጠመች። ጽሑፉን ከቅርብ አነበበችው። ለአፍታ ፊቷ ላይ የተስፋ ነገር ብልጭ ብሎ ነበር፤ አንብባ ስትጨርስ ግን ጠፍቷል። ድምፅዋ ያው ነው፣ እንዲያውም ማር ጨመረ።

«እይ እንግዲህ! እንዲህ ነው ልብ! ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ። ቅጹ ዛሬ ይሄዳል፣ ረቡዕ በሚቀጥለው ወር ይመጣል፤ መንገድ ላይ ሰላም ይባባላሉ። … ያን ጊዜ ጉልበትህ ሲታሰር ጎረቤትህ አጥሩ ላይ ተደግፎ ‹አይዞህ ክላይቭ፣ ከመስከረም ጀምሮ አጠጣልሃለሁ› ቢልህ ኖሮ ምን ትለው ነበር? አመሰግናለሁ ትለው ነበር፤ አንተ ጨዋ ነህ። ሽንኩርቱም ይመርቀው ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ።»

ማሽኑ ጮኾ ቆመ። ጌይነር ጓንቷን አጠለቀች። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ቀዩ ከታች ረግቶ፣ ቢጫው ከላይ ጠርቶ ተለያይቷል። ቢጫውን ወደ ትንንሾቹ እየቀዳች ሳጥኑ ውስጥ ደረደረቻቸው። ሳጥኑን የሚያቀዘቅዘው ደረቅ በረዶ ነጭ ጭስ አወጣ። የመረከቢያውን ወረቀት ለክላይቭ ሰጠችው፤ እሱም በችኮላ የትናንቱን ቀን ጻፈበት።

«ማክሰኞ ነው ዛሬ፣ የኔ ወንድም። ምን ያደነግጥሃል? አንተን ማን ተናገረህ? … አትደርበው! አትፋቀው! አንድ መስመር። አዎ፣ ቀጥ ያለ። የድሮው ይነበብ፣ ይነበብ ተወው፣ አያሳፍርም። ጎኑ ጻፍ። ስምህን። አሁን ቀኑን፣ የዛሬውን። … አየኸው? አልሞትክም። ሰው ተሳሳተ፣ አስተካከለ፣ ፈረመ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብህም። እኩለ ቀን ገና ነው።»

ክላይቭ ጃኬቱን ለበሰ። አሁንም ያንጠባጥባል። ሳጥኑን አንስቶ ወደ ኮሪደሩ ሊወጣ ሲል ጌይነር አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ግንባሯን መታ አደረገች።

«ውይ፣ ዋናውን ሳልነግርህ! የዚያች ሴት ልጅ… ያቺ ዘጠኝ ዓመቷ የነበረችው፣ አሥራ ስምንት ሞላት እኮ! እሷም እንደ እናቷ እየሠራች ልትማር ነው። መስከረም ላይ ትጀምራለች፤ እዚያ ባሕሩ አጠገብ ባለው ሆስፒታል፣ እንዲህ እንደኛ ባለ ክፍል። አራት ዓመት ተኩል። እናቷ ፎቶዋን ያላሳየችው ሰው የለም። የሥራ ልብሱ ትከሻዋ ላይ ሰፍቶባት፣ ዓይኗ ልክ የእናቷ፣ ዓለም ሁሉ ደግ መስሏት ትስቃለች። እኔ ያቺን ልጅ አውቃታለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ረቡዕ ረቡዕ እዚህ… እዚያ፣ ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ በሞኟ እስክሪብቶ ሥዕል ትሥል ነበር። አንድ ቀን ፈረስ ሥላ ሰጥታኛለች፤ አምስት እግር አለው። እስካሁን አለኝ። እወዳታለሁ ክላይቭ። የምሬን ነው፣ በዚህ አልቀልድም።»

ከበሩ ጀርባ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፋ። ሰው ቆሟል። ጌይነር አልዞረችም። ድምፅዋንም አላነሳችም፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ዝቅ አደረገችው።

«እግዜር ይጠብቃት። መንገዷን ያቅናላት። ደም ስትቀዳ እጇ አይንቀጥቀጥባት፣ የመቀነስ ጭረት አትርሳ፣ ማለዳ የምታነብበት መኪና ማቆሚያ አይጥፋባት። በር የሚያንኳኳላት ሞኝ ባታገኝም ግዴለም፣ ሞኝ ዘንድሮ ተወዷል። … ብቻ አለቃዋን፣ አለቃዋን እግዜር እንደ እናቷ ያለች ያድርግላት። ልክ እንደ እናቷ። የድሮዋን አላልኩም፤ ልክ የዛሬዋን። … አሜን በል እንጂ ክላይቭ።»